አማካዩን ከግድግዳው አንሡ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪ ነኝ። አራተኛ ክፍልን በሦስት ሴክሽን፣ ሦስት መምህራን ሆነን እናስተምራለን። የተማሪዎችን ውጤት ለማሻሻል እየተባለ በየሁለት ሳምንቱ እንሰበሰባለን። ርዕሰ መምህሩ ከየፈተናው በኋላ የየሴክሽኑን አማካይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይለጥፋሉ። ባለፈው ፈተና 4ኛ ሀ 60፣ 4ኛ ለ 54፣ 4ኛ ሐ 57 አመጡ። የ4ኛ ለ መምህርት ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል አይናገሩም። ውይይታችን ሁልጊዜ የሚያልቀው ‹ልጆቹ አያጠኑም፣ ወላጅ አይከታተልም› በሚል ነው። ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ቱቶሪያል ይሰጥ ይባላል፣ በሚቀጥለው ፈተና ያው ነው። መረጃማ ሞልቶናል። ግን ምን እናድርግበት? ለርዕሰ መምህሩስ ምን ልበላቸው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

መረጃ ሞልቶናል ያሉት ላይ እንጀምር። ሮስተር ላይ የሰፈረው ድምር ለመምህር የሚሆን መረጃ አይደለም። ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ ለማለት ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ ምን ማስተማር እንደሚገባ ግን አይናገርም። 54 የሚለው ቁጥር ልጆቹ መቀነስ አቅቷቸው ይሁን ክፍልፋይ፣ ወይም ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ተቸግረው ይሁን አይገልጽም። የክፍሉ ግማሽ 80፣ ግማሹ 28 ቢያመጣ አማካዩ 54 ነው። ሁሉም በ54 አካባቢ ቢያመጡም አማካዩ 54 ነው። እነዚህ ሁለት ክፍሎች የሚፈልጉት ትምህርት ፈጽሞ አይገናኝም።

የተለጠፈው ልዩነትም የሚመስለውን ያህል አይደለም። በየሴክሽኑ 44 ያህል ተማሪ ቢኖርና የልጆቹ ውጤት ከአማካዩ ወደላይም ወደታችም በ15 ነጥብ ያህል የሚበተን ቢሆን፣ እኩል በሚማሩ ሁለት ክፍሎች መካከል እስከ 6 ነጥብ የሚደርስ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊፈጠር ይችላል። በዚያ ላይ አንዱ መምህር ለአሠራሩ ግማሽ ነጥብ የሚሰጥ፣ ሌላው የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ የሚያርም ከሆነ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው የአስተራረም ልዩነትን ነው። ስለዚህ በ60 እና በ54 ተነሥቶ ሀ ጥሩ አስተማረ፣ ለ አላስተማረም ብሎ መደምደም አይቻልም። ባልደረባዎ ዝም ያሉት ምንም በማያረጋግጥ ቁጥር ተፈርዶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ይህን በደንብ ያስቡበት።

እንግዲህ ምን ይዛችሁ ትሰብሰቡ? የልጆቹን የፈተና ወረቀት። ሙሉውን ፈተና ሳይሆን አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት። በሦስቱም ሴክሽን ብዙ ልጆች የሳቱትን፣ ለሚቀጥሉት ምዕራፎችም መሠረት የሆነውን ምረጡ። በጣም ትንሽ ልጆች ብቻ የሠሩት እጅግ ከባድ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም፤ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ያገኙት የተሻለ ያስተምራል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ጥያቄው 402 − 178 ነው እንበል፤ መልሱ 224። እያንዳንዱ መምህር የሴክሽኑን ወረቀት ይዞ ይቀመጥና ትክክልና ስሕተት ብሎ ሳይሆን በተጻፈው መልስ ይከምራል። የ44 ወረቀት ክምር ለምሳሌ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ 17ቱ 224፣ 13ቱ 376፣ 6ቱ 134፣ 3ቱ 324፣ 2ቱ ባዶ፣ የቀሩት 3 ደግሞ የተለያየ መልስ። ለአንድ ሴክሽን ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

አሁን ክምሮቹ መናገር ይጀምራሉ። 376 የጻፉት ልጆች በየቤቱ የላዩንና የታቹን ሳይለዩ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ እየቀነሱ ነው፦ በአንድ ቤት 2 እና 8 ሲያዩ 6፣ በአሥር ቤት 0 እና 7 ሲያዩ 7፣ በመቶ ቤት 4 ከ1 ጋር 3። ላይኛው ቁጥር አንድ ሙሉ ቁጥር መሆኑ አልታያቸውም፤ የሚያዩት ሦስት የተለያዩ የመቀነስ ጥያቄዎችን ነው። 134 የጻፉት መበደር ያውቃሉ፤ አሥር ቤት 0 ሲሆንባቸው ግን ዘለሉትና ለአንድ ቤት በቀጥታ ከመቶ ቤት ተበደሩ፣ ለአሥር ቤትም እንደገና ከመቶ ቤት ተበደሩ። 4ቱ መቶ 2 ሆነና 1 ሲቀነስ 1 ቀረ። 324 የጻፉት ደግሞ «ዜሮው 9 ይሆናል» የሚለውን አስታውሰዋል፤ ከመቶ ቤት አንድ መቀነስ እንዳለበት ግን ረስተዋል።

ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ ሮስተሩ ላይ ሦስቱም ዜሮ ነጥብ ናቸው። የሚፈልጉት እርዳታ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የልጆችን የመቀነስ ስሕተት መርምረው ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ብዙው ስሕተት እንዲሁ የተጻፈ ሳይሆን፣ ልጁ አጥብቆ የያዘው የተሳሳተ ሕግ በታማኝነት ሲሠራ የሚወጣ ውጤት ነው።

«ልጆቹ አያጠኑም» ለሚለውም መልሱ እዚሁ አለ። ጉዳዩ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባዶ ወረቀቱና የተበታተነው መልስ በበዛ ነበር። አሥራ ሦስት ልጆች ሳይነጋገሩ 376 ላይ ከተገናኙ፣ አሥራ ሦስቱም አስበው ሠርተዋል ማለት ነው፤ የሠሩበት መንገድ ነው የተጣመመው። (ሁሉም በአንድ አግዳሚ ወንበር አካባቢ የተቀመጡ ከሆነ መኮራረጅም ሊሆን ይችላል፤ የመቀመጫ ሰንጠረዡን አብራችሁ ተመልከቱ።) የቤት ሁኔታ አይነካም እያልን አይደለም። ስሙን ከመጥራት በፊት ግን ይፈተሽ፦ ትምህርቱ የተሰጠበትን ሳምንት የስም ጥሪ መዝገብ ያውጡና በየክምሩ ካሉት ልጆች ስንቶቹ እንደቀሩ ይቁጠሩ። ከ13ቱ 9ኙ በዚያ ሳምንት ቀርተው ከነበረ ችግሩ የመቅረት ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። 2ቱ ብቻ ከሆኑ ግን 11ዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እያሉ አልገባቸውም።

ፈተናው ባለ አራት ምርጫ ከነበረ መልስ በመልስ ከመከመር ይልቅ ሀን፣ ለን፣ ሐን፣ መን የመረጡትን ቁጠሩ። በግምት ብቻ 25 በመቶው ሊያገኘው ስለሚችል፣ 30 በመቶ ልጆች አገኙት ማለት ጥቂቶች ብቻ ያውቁታል ማለት ነው። አንድ ልብ የሚባል ምልክት አለ፦ በጠቅላላው ፈተና ከፍተኛ ያመጡ ልጆች የሳቱት፣ ዝቅተኛ ያመጡት ደግሞ ያገኙት ጥያቄ ካለ ልጆቹን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጥያቄውንና የመልስ ቁልፉን መርምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው ሁለት ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ስብሰባው። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ሰዓት ጠባቂ ግን ይኑር፣ መድረክ መምራቱም በየጊዜው ከሰው ወደ ሰው ይዙር። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የሚነገረው ወረቀቱ ላይ የሚታየው ብቻ ነው። «13 ልጆች 376 ጽፈዋል»፣ «ከእነዚህ 4ቱ የመበደር ምልክት አድርገው ሰርዘውታል»። ምክንያት መስጠት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ የልጅ ስም አንሥቶ ጠባዩን መተረክ በዚህ ሰዓት አይፈቀድም። መጀመሪያ ላይ ይህ ደንብ የሚያስጨንቅ ይመስላል፤ ሰው አፉን እስኪለምድ ሰብሳቢው በትሕትና «ወረቀቱ ላይ የቱ ጋ ነው?» እያለ ይመልስ። ደንቡ ሲላላ ውይይቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወላጆች ላይ ይደርሳል።

ቀጥሎ «ለምን?» ይምጣ። ግምታችሁን ካስቀመጣችሁ በኋላ በማግስቱ ከየክምሩ ሁለት ሁለት ልጆችን በእረፍት ሰዓት ጠርታችሁ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ እየተናገሩ ይሥሩላችሁ፤ 503 − 267 ለምሳሌ። አታርሟቸው፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ብዙ ጊዜ የመምህራኑ ግምትና ልጁ የሚናገረው አይገጥሙም፤ ግምቱን ይዞ ወደ ክፍል መግባት ሁለት ሳምንት ያባክናል።

ከዚያ በኋላ ነው ልዩነታችሁ ጥቅም የሚሰጠው። 134 የጻፉት በ4ኛ ሀ 6፣ በ4ኛ ለ 1 ቢሆኑ የለ መምህርት ዜሮን ተሻግሮ መበደርን እንዴት እንዳስተማሩት መጠየቅ ነው። «ምርጥ ተሞክሮ ያቅርቡ» ተብሎ ንግግር እንዲያደርጉ አይጠየቁ። ሰሌዳ ላይ የጻፉትን እንደገና ይጻፉ፣ የአንድ ልጅ ደብተር ይምጣ፣ የሰጧቸው መልመጃዎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደነበሩ ይታይ። በአማካይ ዝቅ ያለ ሴክሽን በአንድ ጥያቄ ከሁሉ በልጦ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፤ ድምሩ ግን ይሸፍነዋል።

የምትስማሙበት ሥራ አንድና ትንሽ ይሁን። «የልጆቹን የመቀነስ ችሎታ ማሳደግ» ዕቅድ አይደለም። ዕቅድ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፦ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ 12 ደቂቃ፣ በሦስቱም ሴክሽን። አንድ ዓይነት ስሕተት የክፍሉን ሲሶ ያህል ከያዘ ለሁሉም አስተምሩት፤ አምስት ስድስት ልጅ ከሆነ ለብቻ ሰብስባችሁ። በምሳሌያችን 376 ለሁሉም ይሰጣል። ልጆቹ በአሥር በአሥር የታሰሩ እንጨቶችን ይዘው 42 − 18ን ይሥሩ፤ 8 ለማንሣት ሲሞክሩ ያልታሰሩት 2 ብቻ መሆናቸውን በእጃቸው ያገኙታል፣ አንዱን እስር መፍታት ግድ ይሆንባቸዋል። ወደ ባለ ሦስት አኃዝ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ለ134ዎቹ ደግሞ መቶውን በአንዴ ወደ አንድ ቤት ማውረድ እንደማይቻል ማሳየት ይበቃል፦ አንዱ መቶ መጀመሪያ 10 አሥሮች ይሆናል፣ ከእነሱ አንዱ አሥር 10 አንዶች ይሆናል፤ 402 ማለት 3 መቶ፣ 9 አሥርና 12 አንድ ማለት ነው ብለው ይጻፉት። 324ዎቹን በመደመር እንዲያረጋግጡ ማስለመድ ነው፤ 324 + 178 = 502 ሆኖ ሲያገኙት የጠፋችውን መቶ ራሳቸው ይፈልጓታል።

ቱቶሪያላችሁ ለምን ፍሬ እንዳላፈራም ከዚህ ይታያል። በድምር ዝቅተኛ የሆኑትን አርባ ልጆች ሰብስቦ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ፣ ቀስ ብሎና ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም 376ንም 134ንም አይነካም። ቱቶሪያሉን በደረጃ ሳይሆን በስሕተት ዓይነት ክፈሉት። ከሦስቱ ሴክሽን የመጡ 134ዎች በአንድ መምህር፣ 376ቱን ያልተሻገሩት በሌላው። ቡድኑም ቋሚ አይሁን፤ ልጁ ያን ስሕተት ሲተው ከቡድኑ ይውጣ። «ደካሞች» የሚል ስም የተሰጠው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ይቀራል።

እንደገና የምትፈትኑበትን ቀን ከአሁኑ ቁረጡ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አራት ጥያቄ ብቻ፦ ሁለቱ በአሥር ቤት ዜሮ ያለባቸው (605 − 238 ዓይነት)፣ አንዱ ዜሮ የሌለበት ግን መበደር ያለበት፣ አንዱ መበደር የማያስፈልገው። የመጨረሻው እንዲሁ የገባ አይደለም፤ ልጆች አዲስ የተማሩትን በማያስፈልግ ቦታም መጠቀም ይጀምራሉና ያን ያጋልጣል። ወረቀቱን እንደ በፊቱ በክምር ለዩ። ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሳትነግሯቸው ሁለት ጥያቄ ስጡ። ትናንት የተማሩትን ዛሬ መሥራት ብዙ አያስመካም፤ ወር ቆይቶ የሚገኘው ነው የተማሩት።

እዚህ ላይ ራስን የማታለል አደጋ አለ። ዝቅተኛ ያመጡትን ልጆች ብቻ መርጣችሁ እንደገና ብትፈትኑ ምንም ባታስተምሩም በአማካይ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ቀን ስላልቀናቸው ነውና ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የገቡት። ስለዚህ ሁሉንም ልጆች ፈትኑ፣ ውጤቱንም በክምሩ መጠን እዩ፦ 376 ከ13 ወደ 4 ወርዷል ወይ? የዘንድሮውን አራተኛ ክፍል ከአምናው አራተኛ ክፍል ጋር ማወዳደርም መሻሻልን አያሳይም፤ ልጆቹ ሌሎች ናቸው። ያንኑ ልጅ ተከታተሉ።

መምህራኑ የሚሰጡትን ነጥብ ማወዳደር የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ አስተራረማችሁን አስተካክሉ። ስማቸው የተሸፈነ አምስት ወረቀት ኮፒ ተደርጎ ሦስታችሁም ለየብቻ እረሙ። ከ10 በሚታረም ጥያቄ ላይ ከ1 ነጥብ በላይ ከተለያያችሁ ለየትኛው እርምጃ ስንት እንደሚሰጥ ተነጋግራችሁ ጻፉት። ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው፤ ለዓመት ያገለግላል።

ቃለ ጉባኤውንም በአንድ ገጽ ተኩት፦ ጥያቄው፣ የየክምሩ ብዛት በየሴክሽኑ፣ ልጆቹ ሲጠየቁ ያሉት፣ የተስማማችሁበት ሥራ፣ ድጋሚ የምትፈትኑበት ቀን፣ የድጋሚው ውጤት። የልጆች ስም አይግባበት፤ የስም ጥሪ ቁጥር ካስፈለገም ገጹ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ አይውጣ። ሌላ ትምህርት የሚያስተምሩ ባልደረቦችም በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላሉ። ለንባብ ለምሳሌ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብና በትክክል ያነበባቸው ቃላት ብዛት ብቻ ሳይሆን የተሳሳተባቸው ፊደላትና ዘሎ ያለፋቸው ቃላትም ይመዝገቡ።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ፣ ክስ ይዘው አይሂዱ። የሚያሳዩት ነገር ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳችሁ ያችን አንድ ገጽ ፊታቸው ላይ ያስቀምጡና 60፣ 54፣ 57 ያልነገራቸውን ይህ እንዴት እንደሚነግራቸው ያስረዱ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ለሦስታችሁም በሳምንት አንድ የጋራ ክፍት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ እንዲመደብ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደረግ ስብሰባ ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ የሴክሽኖች አማካይ መለጠፉ እንዲቀር። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለዚህ ስብሰባ የሚመጣ ወረቀት በምንም መልኩ ለመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይውል ቃል እንዲገቡ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስገነዘቡት፣ አንድ መለኪያ ለውሳኔ ይበልጥ በዋለ ቁጥር ለመበላሸት ይበልጥ ይጋለጣል፣ ሊለካው የተፈለገውን ነገርም ያበላሻል። በትምህርት ቤት ይህ ምን እንደሚመስል ይታወቃል፦ ጥያቄው ይቀልላል፣ አስተራረሙ ይለሰልሳል፣ 48 እና 49 ያመጡት ልጆች 50 እንዲያልፉ ሩጫው ሁሉ እነሱ ላይ ይሆናል፣ 20 ያመጣው ልጅ ይረሳል። ርዕሰ መምህሩ ለበላይ አካል የሚያቀርቡት አማካይ ካስፈለጋቸው ቢሮአቸው ይኑር፤ እንዲጠፋ አልጠየቅንም። ከስብሰባችሁ ቢያንስ በወር አንዴ መጥተው ወረቀት ቢከምሩላችሁ ደግሞ ብዙ ነገር ይገባቸዋል፤ መጥተው ግን ሰብሳቢ አይሁኑ።

ስለ 4ኛ ለ መምህርት የመጨረሻው ምክራችን፦ ከመጀመሪያው አዲስ ስብሰባ በፊት ለብቻቸው አግኝተው ያነጋግሯቸው። ስለ 54 አያንሡ፣ ለማጽናናትም አይሞክሩ። ለስብሰባው የሚሆነውን ጥያቄ አብራችሁ እንድትመርጡ ይጠይቋቸው፣ ወረቀት መከመሩንም በራስዎ ሴክሽን ይጀምሩ። የተጠሪዋን ወይም የተጠሪውን 13 ስሕተት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያየ ባልደረባ የራሱን ወረቀት ማውጣት አይከብደውም። ጥቂት ዙር ከሄዳችሁ በኋላ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን አሠራር ሞክሩ፦ አንዷን ትምህርት ሦስታችሁ አብራችሁ ታዘጋጃላችሁ፣ አንዳችሁ ታስተምራላችሁ፣ ሁለታችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትመለከቱት መምህሩን ሳይሆን የልጆቹን እጅና ደብተር ነው። ለዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ግን እርስዎ ይሁኑ፣ ባልደረባዎ ከተመልካቾቹ አንዷ ይሁኑ።